ቆሮሶ በእጅ እንዴት ይባላል?

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ይረዝማል። የታሪክ መምህር ነኝና ልማዴን ታውቁታላችሁ፤ ከዓሣ ገበያ ተነስቼ ፈረንሳይ ገዳም ልወስዳችሁ እችላለሁ። ግን እመልሳችኋለሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ለቀድሞ ተማሪዎቼ አንድ ልመና አለኝ። እሱን ሳታነቡ እንዳትሄዱ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ወርጄ ነበር። ሐዋሳ ለኖረ ሰው ስለ አሞራ ገደል መንገር አያስፈልግም። ለማታውቁት፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያችን ነው። ጀልባዎቹ የሌሊቱን ዓሣ ይዘው ጠዋት ይደርሳሉ፣ ልጆቹ እዚያው ቅርፊቱን ፍቀው አጥንቱን ያወጣሉ፣ አባ ኮዳዎቹ ደግሞ የሚጣለውን እየጠበቁ እንደ ዘበኛ ዙሪያውን ይቆማሉ።

ወረፋዬ ሲደርስ "ሁለት ኪሎ ቆሮሶ፣ አጥንቱ ወጥቶ" አልኩት ልጁን። ቢላውን እየሳለ ዝም አለኝ። ደገምኩለት። አሁንም ዝም። ሦስተኛ ጊዜ ድምፄን ከፍ ሳደርግ አጠገቡ የዓሣ ሾርባ የምትሸጥ እናት "የኔ ልጅ፣ አይሰማም እኮ። በእጅህ ንገረው" አለችኝ።

በእጄ ምን ልንገረው? ወደ ዓሣው ክምር ጠቆምኩ። አምባዛ አነሳ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላ አምባዛ አነሳ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። መውጫ ሲጠፋኝ ስልኬን አውጥቼ "ቆሮሶ 2 ኪሎ" ብዬ ጻፍኩለት። አነበበና ፈገግ አለ። ከዚያ ስልኩን ተቀብሎኝ ራሱ ጻፈ፦ "ቲቸር ነዎት?" ለካ ጃኬቴ እጅጌ ላይ የዓርቡ ጠመኔ እንዳለ ነው። "አዎ" አልኩት። "የምን?" "የታሪክ።" ትንሽ አሰበና ጻፈ፦ "ሥራው ሲቀዘቅዝ ይምጡ፤ ቆሮሶን አስተምርዎታለሁ።"

እውነቱን ልናገርና፣ ሳቄ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ሐዋሳ ኖሬ ቆሮሶ የሚያስተምረኝ ሰው ላገኝ! ግን ሾርባዬን ይዤ ጠበቅሁት።

ትምህርቱ በጣት ፊደል ነው የጀመረው። ከዚህ በፊት የጣት ፊደል ማለት ፈረንጆቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚሉበት ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእኛው ግን የላቲኑ ግልባጭ አይደለም፤ የተሠራው ለፊደላችን ነው። የፊደል ገበታን አስታውሱ፤ 33 ዘሮች፣ እያንዳንዱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7 ጊዜ የሚለዋወጥ፣ በድምሩ 231። ለእያንዳንዷ የተለየ የእጅ ቅርጽ ቢሰጥ ማን ይችለዋል? ስለዚህ ሥራው ተከፋፍሏል። የእጁ ቅርጽ የፊደሉን ዘር ይናገራል፤ እጁ የሚሄድበት አቅጣጫና እንቅስቃሴ ደግሞ ግዕዝ ይሁን ካዕብ፣ ሣልስ ይሁን ራብዕ ይነግርሃል። የፊደል ገበታው አግድምና ቁልቁል አንድ እጅ ላይ ገባ ማለት ነው።

አሁን "ቆሮሶ"ን ተመልከቱት። ቆ፣ ሮ፣ ሶ። ሦስቱም ሳብዕ ናቸው! ስለዚህ የእጄ ቅርጽ ሦስት ጊዜ ይቀየራል፣ እንቅስቃሴው ግን ሦስት ጊዜ አንድ ነው። ልጁ ይህን ቃል ለመጀመሪያ ትምህርት የመረጠው ዓሣ ሻጭ ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ ለጀማሪ የሚሆን ቀላል ቃል ስለሆነም ነው። ስንተኛው መምህር ነው ለተማሪው የመጀመሪያዋን ቃል እንዲህ አስቦ የሚመርጠው? እኔ በበኩሌ መርጬ አላውቅም።

የጣት ፊደል ግን ለስምና ለአዲስ ቃል እንጂ ለዕለት ንግግር አይሆንም፤ ይዘገያል። ስለዚህ ወደ ምልክቱ አለፍን። ለዓሣ መዳፉን ዘርግቶ በጎኑ አቆመና ውኃ ውስጥ እንዳለ ጭራ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘው። ለአምባዛ ዓሣውን ካሳየ በኋላ ሁለት ጣቶቹን ከአፉ ግራና ቀኝ አወጣ፤ የአምባዛን ጢም መሆኑ ነው። ለቆሮሶ ደግሞ የዓሣዋን ጀርባ በአንድ እጁ ሠርቶ በሌላው እጁ ጣቶቹን እንደ እሾህ ገትሮ ከላይ አስቀመጠ። ቆሮሶን ሲያጥብ የተወጋ ሰው ይህን ምልክት አይረሳውም። እሱና ጓደኞቹ እዚያ ገበያ ላይ የሚግባቡት በእነዚህ ነው። የምልክት ቋንቋም እንደ ማንኛውም ቋንቋ ከከተማ ከተማ፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ አንዱ "ድንች" የሚለውን ሌላው "ዲኒቻ" እንደሚለው ማለት ነው።

"ይሄማ ቀላል ነው፣ ማስመሰል ብቻ ነው" ብዬ ሞከርኩ። ሳቀብኝ። የሠራሁት ቅርጽ ልክ ነበር። እጄን ግን ደረቴ ፊት በማድረግ ፈንታ ወደ አፌ አስጠግቼው ነበር። ይዞ ወደ ቦታው መለሰልኝ። ደገምኩ። አሁን ደግሞ እንቅስቃሴው ተበላሸ። በስድስተኛው ይመስለኛል ተሳካልኝ። ከዚያ ቅንድቡን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ያንኑ ምልክት ደገመው። ምንም አልገባኝም። ስልኩ ላይ ጻፈልኝ፦ "ይህ ጥያቄ ነው። ቆሮሶ ይፈልጋሉ?" ለካ የጥያቄ ምልክቱ ቅንድብ ላይ ነው!

ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። እኔ አሞራ ገደል ላይ የተሳሳትኩትን ስህተት ለዓለም በሳይንስ ያስረዳው ዊልያም ስቶኪ የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት አንድ ምልክት እንደ ሥዕል አንድ ወጥ ነገር ሳይሆን በእጅ ቅርጽ፣ በቦታና በእንቅስቃሴ የሚገነባ መሆኑን አሳየ። በንግግር "ባለ" እና "በላ" ድምፅ ሲቀየር ትርጉሙ እንደሚቀየር ሁሉ፣ በምልክትም ከሦስቱ አንዱ ሲቀየር ቃሉ ሌላ ይሆናል ወይም ቃል መሆኑ ይቀራል። ከዚያ በፊት ብዙ ምሁራን ነገሩን እንደ እኔው "ማስመሰል" ነበር የሚሉት።

እሺ፣ አሁን ቃል በገባሁት መሠረት ወደ ገዳሙ እንሂድ።

ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ910 የተመሠረተ ክሉኒ የሚባል ገዳም ነበር። መነኮሳቱ በአብዛኛው ሰዓት መናገር አይፈቀድላቸውም። አርምሞ በእኛም ገዳማት የታወቀ ነገር ነውና አይገርማችሁም። ግን ማዕድ ላይ ሲቀመጡስ? ዳቦ አቀብለኝ ማለት ያስፈልጋል። ስለዚህ በእጅ የሚነገሩ ምልክቶች ነበሯቸው፤ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ዝርዝራቸው በጽሑፍ ተቀምጧል። ከመቶ በላይ ከሆኑት ምልክቶች ብዙዎቹ የምግብ ናቸው። ለዳቦ የሁለቱን እጆች አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ገጥመው ክብ ይሠራሉ፤ ዳቦው ክብ ነበራ። ለዓሣስ? እጃቸውን ውኃ ውስጥ እንዳለ የዓሣ ጭራ ያወዛውዛሉ።

ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ከዛሬ 900 ዓመት በላይ በፊት ክሉኒ ያለው መነኩሴና አሞራ ገደል ያለው ልጅ ለአንድ ፍጥረት አንድ ዓይነት እጅ አወዛወዙ። ማንም ከማንም አልሰማም፤ ሁለቱም ዓሣ አይተዋል፣ በቃ።

ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። መነኮሳቱ የሚሰሙና የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። ያላቸው የቃላት ዝርዝር እንጂ ሙሉ ቋንቋ አልነበረም። ሙሉ ቋንቋ የሠሩት ራሳቸው መስማት የተሳናቸው ሰዎች ናቸው፣ ተሰብስበው መኖር ወይም መማር በቻሉበት ቦታ ሁሉ። የገዳሙ ልማድ ግን አንድ በር ሳይከፍት አልቀረም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ውስጥ ፔድሮ ፖንሴ ዴ ሊዮን የሚባል የቤኔዲክት መነኩሴ መስማት የተሳናቸውን የመኳንንት ልጆች ማስተማር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1620 ሁዋን ፓብሎ ቦኔት የሚባል ሰው የጣት ፊደል ያለበት መጽሐፍ ማድሪድ ላይ አሳተመ። በ1760ዎቹ ፓሪስ ላይ አባ ደ ሌፔ ሁለት መስማት የተሳናቸው እህትማማቾችን አግኝቶ፣ ከእነሱ የጀመረው ነገር ትምህርት ቤት ሆነ። የዚያ ትምህርት ቤት ፍሬ የሆነው ሎራን ክለርክ፣ ራሱ መስማት የተሳነው መምህር፣ ከቶማስ ጋሎዴት ጋር ባሕር ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1817 ሃርትፎርድ ላይ የአሜሪካን የመጀመሪያ ቋሚ ትምህርት ቤት ከፈቱ። የዛሬው የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ከዚህ የፈረንሳይ ዘርና እዚያው ከነበሩት ምልክቶች ተዳቅሎ የወጣ ነው።

እዚህ ላይ የምግብ ቃላት ለታሪክ መምህር ወርቅ ናቸው። አሜሪካኖቹ "ቡና" ሲሉ አንዱን ጭብጥ በሌላው ላይ አድርገው ያዞራሉ። በእጅ የሚዞር የቡና መፍጫ ነው። መፍጫው ከብዙ ቤት ጠፍቷል፣ ቡናው በማሽን ይወጣል፣ እጁ ግን እስከ ዛሬ ይፈጫል። "ወተት" ሲሉ ጭብጣቸውን እንደሚያልብ ሰው ይጨብጣሉ፤ ላም አይቶ የማያውቅ የኒውዮርክ ልጅም ያልባል። "ዳቦ" ሲሉ በአንድ እጃቸው ዳቦውን ሠርተው በሌላው ይቆርሱታል። ቤቱ ቢፈርስም ማዕድ ቤቱ ምልክቱ ውስጥ ይኖራል። አሁን ይህን ወደ እኛ አገር አምጡት። ቡናችን በሙቀጫ ይወቀጣል እንጂ እንደዚያ አይዞርም። እንጀራንስ እንደ ዳቦ በቢላ የሚቆርጥ ማን ነው? የሌላ አገር ምልክት ስትቀበል የሌላ ሰው ማዕድ ቤት አብሮ ይመጣል።

ምልክቶቹ ወደ እኛ የመጡት ደግሞ በአብዛኛው በሚሲዮናውያን ሻንጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955፣ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከእኛ ጋር በነበረችበት ጊዜ፣ የስዊድን ሚሲዮናውያን ከረን ላይ መስማት ለተሳናቸው ትምህርት ቤት ከፈቱ። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አዲስ አበባ መካኒሳ ላይ የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ሌላ ከፈቱ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሆሳዕና ላይ የከፈተችው ደግሞ የእኔ አስተማሪ፣ ያ የዓሣ ገበያው ልጅ፣ የተማረበት ነው። ከአሜሪካ የመጣው ምልክት፣ ከሰሜን አውሮፓ የመጣው፣ ልጆቹ ከየቤታቸው ይዘውት የመጡት፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ተደባለቀ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የምንለው እንዲህ አደገ። መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን በ1960ዎቹ ብሔራዊ ማኅበራቸውን አቋቋሙ፤ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋውን በዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ኤርትራ ላይ ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከስዊድንና ከፊንላንድ የመጡትን ምልክቶች ለቅሞ በአገር በቀል ለመተካት ተነሳ። "የማን እጅ ነው የምንናገርበት?" የሚለው ጥያቄ ለእነሱ ቀልድ አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን በሰላም አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የመምህራን ጉባኤ ተጠራ። 164 ሰዎች ተሰብስበው መስማት የተሳናቸው ልጆች በከንፈር ንባብና በንግግር ብቻ እንዲማሩ፣ ምልክት ከክፍል እንዲወጣ ወሰኑ። ከ164ቱ ውስጥ መስማት የተሳነው አንድ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ትውልድ እጁን ታስሮ ተማረ። የዚያ ጉባኤ ተተኪዎች ስህተቱን አምነው የተጸጸቱት 130 ዓመት ቆይተው፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው።

ይህን ሳነብ "ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው" ልል ነበር። መምህራን እኮ ናቸው። ጨካኞች አይደሉም፤ ልጆቹን የሚረዱ መስሏቸው ነው። ከዚያ አፌን ዘጋሁ፤ ምክንያቱም የራሴ ክፍል ትዝ አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ።

በዲፕሎማዬ ማስተማር በጀመርኩ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ 9ኛ ክፍል አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። አትሰማም። የፊተኛው ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች። ዓይኗ ከአፌ አይነቀልም። እኔ ደግሞ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ጀርባዬን ሰጥቼ አወራለሁ። ከጎኗ ካለችው ልጅ ደብተር ትገለብጣለች። "ገባሽ?" ስላት ራሷን ትነቀንቃለች። እኔም ገባት ብዬ አልፋለሁ። ለእኔ መልካም መምህር መሆን ማለት ማስታወሻ ከሌሎቹ ቀድሜ እሷ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነበር። አንድም ቀን፣ አንዲት ቃል፣ "ደህና አደርሽ" እንኳ በእጇ ቋንቋ አላልኳትም።

አንድ ቀን ኋላ የሚረብሽ ልጅ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠርቼው ዝም ሲለኝ "አንተ፣ ደንቆሮ ነህ እንዴ?" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ፤ ልጆቹ እሷን እያዩ ነበር። እሷ ቃሉን አልሰማችም። የሁሉንም ፊት ግን አየች። አንገቷን ደፋች።

ስለዚህ ቃል አስባችሁ ታውቃላችሁ? በአማርኛችን ጆሮው የማይሰማ ሰውና አእምሮው የማይቀበል ሰው በአንድ ቃል ይጠራሉ። "ደንቆሮ" ስንል ስድብ ነው፤ ግን ስድቡን ያበደርነው ከእነሱ ነው። ዛሬ "መስማት የተሳነው" እንላለን፤ ጥሩ ነው። ግን አጠራሩን አሻሽለን ቋንቋውን ካልተማርን፣ በትህትና ዝም ተባባልን ማለት ነው።

ልጅቷ በሁለተኛው መንፈቅ አልተመለሰችም። ስም ስጠራ ሁለት ሳምንት ቀሪ አልኩ፤ ከዚያ ስሟን ሰረዝኩት። ማንንም አልጠየቅሁም። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ስምምነቱ ምልክት ቋንቋን መማር እንዲመቻች ይላል። እሷ ክፍሌ ስትቀመጥ ያ ሕግ ነበረ። ሕጉን ክፍል ውስጥ ይዞ መግባት የነበረበት ሰው ግን እኔ ነበርኩ።

ለምን አሁን ጻፍከው ትሉኝ ይሆናል። አሞራ ገደል ላይ አንድ የዓሣ ስም፣ ከነፊደሉና ከነጥያቄው፣ ለመማር የፈጀብኝ ግማሽ ሰዓት ነው። ሾርባዬ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልቀዘቀዘም። እሷ ክፍሌ ውስጥ አንድ ሙሉ መንፈቅ ነበረች። በሳምንት አንድ ቃል ብማር ኖሮ ስንት ቃል ይሆን ነበር? እሷው ታስተምረኝ ነበር እኮ፤ ዓይኗ ሁልጊዜ እኔ ላይ ነበር።

አሁን ልመናዬ። በ2009 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ። ስሟን እዚህ እንዳትጽፉ፤ ፈቃዷ አይደለም። የት እንዳለች የሚያውቅ ካለ ግን በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ወይም ለራሷ "ቲቸር ሊያገኝሽ ይፈልጋል፣ ካልፈለግሽም ይገባዋል" በሏት። ይቅርታ በጽሑፍ መላክ እችላለሁ። ግን በራሷ ቋንቋ፣ በእጄ፣ ፊቷ ቆሜ ብላት እመርጣለሁ። ለዚያ ስል ቅዳሜ ቅዳሜ አሞራ ገደል እየወረድኩ ነው። አስተማሪዬ ክፍያ አልቀበልም ብሏል፤ "ዓሣ ከእኔ ብቻ ይግዙ" ነው ያለኝ። ተስማምተናል።

መምህር ለሆናችሁ ጓደኞቼ ደግሞ፦ መስከረም 13 የዓለም የምልክት ቋንቋዎች ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ሮም ላይ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽናቸው የተመሠረተበት ቀን ነው። ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ገና ስም በምታጠኑበት ጊዜ ይውላል። ክፍላችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ከስሙ ጋር አንድ ቃል ጠይቁት። የሚወደውን ምግብ ጠይቁት። ከምግብ መጀመር ጥሩ ነው፤ የክሉኒ መነኮሳትም ያለ ምልክት መዋል ያልቻሉት ማዕድ ላይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ወረፋዬ ሲደርስ ስልኬን አላወጣሁም። ልጁ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ጀርባዋ እሾህ ያለባትን ዓሣ ሠራልኝ። እኔም እጄን ደረቴ ፊት አድርጌ መለስኩለት፣ ሁለት ጣት ጨምሬ። ሁለት ኪሎ ቆሮሶ መዘነልኝ።

ሾርባ የምትሸጠው እናት "አሁን ገና ተናገርክ" አለችኝ።

ቸር ሰንብቱ።